ሐምራዊው ታንግ አዲሱን ዓሣ ለምን ያሳድዳል? ምንስ ይደረግ?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂው ቤታቸው ውስጥ 120 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 60 ሴንቲሜትር ስፋትና 55 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው የጨው ውሃ አኳሪየም አላቸው። አንድ ሐምራዊ ታንግ (አልጌ የሚባለውን ድንጋይ ላይ የሚበቅል የውሃ ውስጥ ሣር መሰል ነገር የሚግጥ የባሕር ዓሣ) ክላውንፊሽ ከሚባሉ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ጋር ሁለት ዓመት በሰላም ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንድ ትንሽ ቢጫ ታንግ አስመጥተው በቀጥታ ጨመሩት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሐምራዊው ያሳድደዋል። የቢጫው ጎን ተጫጭሯል፣ ክንፎቹ ተቀድደዋል፣ ከፓምፑ ጀርባ ተሸጉጦ ምግብ እምቢ ብሏል። እንዲህ ሲሉ ይጠይቃሉ፦ «ብተዋቸው ይላመዳሉ? የጣናው ቀረሶም መጀመሪያ ይጣላና በኋላ ይተወዋል ይሉኛል። ካልሆነስ የትኛውን ላውጣ? ስይዛቸውስ እጄን አይቆርጡኝም?»

በመጀመሪያ ዛሬ መደረግ ያለበትን ልንገርዎ፣ ምክንያቱ ይቆየን። ሁለቱን ዓሦች ዛሬውኑ ይለያዩአቸው። ከፓምፕ ጀርባ ተሸጉጦ የማይበላ ታንግ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። ታንግ በተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ሲግጥ የሚውል ዓሣ ስለሆነ ረሃብ ቶሎ ይጎዳዋል። ከፊት ለፊቱ ቆመው ሲያዩት ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ፣ ከጭንቅላቱ በላይ ያለው ጀርባውም የሾለ ከመሰለዎት ከስቷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው በጭራው ሥር ያለውን ስለት ነው። ስለቱ በእርግጥ ይቆርጣል፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጠብ የተሸነፈው ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በቁስሉ ብቻ አይደለም። ሳይበላና ሳያርፍ ሲሸሽ ስለሚውል ነው። እርስዎ ያሉበት ከተማ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በሳሳ መጠን ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ በአንድ ሊትር 6.8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ያው ውሃ እርስዎ ሳሎን ውስጥ ከ5.5 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። ታንግ ማዕበል በሚመታው፣ ኦክስጅን በሞላበት ሪፍ (በባሕር ውስጥ ባለ የኮራል ዐለት) ላይ የሚኖር ዓሣ ነው። ተረጋግቶ ለሚኖር ዓሣ ይህ መጠን ይበቃል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚሳደድ ግን ትርፍ የለውም። ስለዚህ ዓሦቹን ከመለየትዎ ጋር የአንዱን ፓምፕ አፍ ወደ ላይ አዙረው የውሃው ገጽ እንዲናወጥ ያድርጉ። ፕሮቲን ስኪመርዎንም (በአረፋ ቆሻሻ ከውሃው የሚያወጣውን መሣሪያ) ሌሊት አያጥፉ፤ መብራት ሲጠፋ አልጌው ራሱ ኦክስጅን ተሻሚ ይሆናልና።

ለመለያው ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ገበያ ላይ ለምግብ ማስቀመጫ የሚሸጥ ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ይግዙ፤ ለዚህ ዓሣ 30 በ20 በ20 ሴንቲሜትር ያህል ይበቃል። አዲስ ይሁን፣ ሳሙናም ሆነ ዘይት ያልነካው። አራቱንም ጎንና ታቹን በመሰርሰሪያ ወይም በጋለ ምስማር ይብሱት፣ የቀዳዳዎቹን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት ያለስልሱ፣ ከዚያ አኳሪየሙ ውስጥ በአንዱ ጥግ አንጠልጥለው ቢጫውን ያስገቡት። ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ማላመድ አያስፈልገውም። ዋናው ጥቅሙ ሁለቱ እየተያዩ መነካካት አለመቻላቸው ነው። በሳጥኑ ውስጥ የሚዘዋወረው ውሃ አነስተኛ ስለሆነ የአየር ድንጋይ (ከአየር ፓምፕ ጋር ተያይዞ አረፋ የሚለቅ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ) አጠገቡ ያድርጉለት።

አሁን ወደ ቀረሶው ልምጣ፤ ወዳጆችዎ የነገሩዎት ስለ ቀረሶ እውነት ነው። ወንዱ ቀረሶ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ታቹን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፣ በመራቢያው ጊዜ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ከሄደች፣ ጎጆውም ከተተወ በኋላ ጠቡ ይበርዳል። የታንግ ጠብ ግን የመራቢያ ጠብ አይደለም፣ ወቅትም የለውም። ታንግ የሚጠብቀው ግጦሹን ነው። ድንጋዩ ላይ የሚበቅለው ስስ አልጌ በየቀኑ የሚመገበው ነው፤ ነገም ከነገ ወዲያም ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ መተው እዚህ ላይ አይሠራም። ማማ ላይ ወንጭፉን ይዞ በቆሎ የሚጠብቅ ገበሬ መንገደኛ ሲያልፍ ዝም ይላል፤ ዝንጀሮ ሲያይ ግን ድንጋይ ያነሳል። የእርስዎም ሐምራዊ ታንግ ክላውንፊሾቹን ሁለት ዓመት ዝም ያላቸው አልጌውን ስለማይነኩበት ነው።

ቢጫው ለምን እንደ ዝንጀሮው እንደታየ መልኩን ማየት ይበቃል። ሐምራዊው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ዓሣ ነው፣ ሙሉ ዕድገቱ 22 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። ቢጫው በብዛት የሚገኘው በሃዋይ ደሴቶች ነው፣ እሱም 20 ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል። በባሕር ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ሆኖም ሁለቱም ዘብራሶማ ከሚባለው ወገን ናቸው። ገላቸው ጠፍጣፋና ክብ፣ የጀርባ ክንፋቸው ረጅም፣ አፋቸው ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አልጌ ለመልቀም ወደፊት የሾለ። ሐምራዊው ይህን ቅርጽ ሲያይ ምግቡን ሊካፈል የመጣ መሆኑን ያውቃል። ቀለሙ መለየቱ ብዙም አያዋጣም። የመምጣት ተራም አለበት፦ ሐምራዊው ሁለት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ድንጋይ የራሱ አድርጎ ኖሯል፣ ቢጫው ደግሞ ትንሽ፣ ብቻውን፣ መንገድ ያደከመው ሆኖ በቀን ብርሃን መሐል ገባበት። ሁለቱ በአንድ ቀን አብረው ቢገቡ ኖሮ ነገሩ ከዚህ ይቀልል ነበር። በአጠቃላይ ተቆጪውን ዓሣ መጨረሻ ላይ ማስገባት ነው የሚሻለው፤ ለወደፊቱ ይህን ይያዙልኝ።

እንግዲህ ቢጫው ሳጥን ውስጥ ገብቶ መብላት ከጀመረ በኋላ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው ነገሩን የሚወስኑት።

የመጀመሪያው ሥራ ሐምራዊው የሚጠብቀው ነገር ዋጋ እንዲቀንስበት ማድረግ ነው። ምግብ በዛ ካለና በብዙ ቦታ ካለ አንዱን ጥግ መጠበቅ ትርጉሙን ያጣል። ኖሪ የሚባለው ደረቅ የባሕር አልጌ ለሱሺ ተብሎ አዲስ አበባ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ይገኛል። ጨው፣ ዘይትና ቅመም ያልነካውን ይምረጡ። በሦስት ቦታ፣ በግራ ጥግ፣ በቀኝ ጥግና በሳጥኑ አጠገብ፣ በመቆንጠጫ ያስሩላቸው። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መስጠት ይበልጣል። ኖሪው ካለቀብዎት ቆስጣ ወይም ሰላጣ በደንብ አጥበው የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አድርገው ቢሰጡ ለአንድ ሁለት ቀን ይሸፍናል። ከዚያ በላይ ግን ለባሕር ዓሣ አይበቃም፤ በተለይ ከመስኖ የመጣ አትክልት ፀረ ተባይ ሊኖርበት ስለሚችል እኔ ብዙም አልመክረውም። ምግቡ ሲጨምር ውሃው ቶሎ ይቆሽሻልና በእነዚህ ሳምንታት ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚመጡትን መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይትን፣ ይለኩ፤ ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው።

ሁለተኛው ድንጋዮቹን ማዘዋወር ነው። ሐምራዊው ድንበሩን የሚያውቀው በድንጋዮቹ አቀማመጥ ነው። አቀማመጡ ሲለወጥ እሱም እንደ እንግዳ መፈለግ ይጀምራል፤ ለቢጫው የሚያስፈልገው ያ ፋታ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አያፍርሱ፣ ከሥር የተቀመጠው ቆሻሻ ተነስቶ ውሃውን ያበላሻል። ግማሹን ይበቃዎታል። ሲደረድሩት ደግሞ አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ዋሻ አይኑር። የሚሳደድ ዓሣ ገብቶ መውጫ ካጣ እዚያው ይጨረሳልና እያንዳንዱ መደበቂያ ሁለት በር ይኑረው። በድንጋዮቹና በኋላ መስታወቱ መካከልም አንድ እጅ የሚያስገባ መተላለፊያ ይተዉ፣ ዓሣው ዞሮ ከዕይታ መጥፋት እንዲችል። ታንግ ያላየውን አያሳድድም።

ሦስተኛው የቦታ ልውውጥ ነው። ቢጫው አራት አምስት ቀን ያለማቋረጥ ከበላና ክንፉ መሙላት ከጀመረ በኋላ ሐምራዊውን ወደ ሳጥን ወይም ሳምፕ (ከአኳሪየሙ ጋር በቧንቧ የተገናኘ ተጨማሪ ገንዳ) ካለዎት ወደ ሳምፑ ያስገቡትና ቢጫውን ይልቀቁት። አንድ ሳምንት ሙሉ ቢጫው ድንጋዮቹን ይዙር፣ የሚያድርበትን ይምረጥ፣ ይጋጥ። ሐምራዊው ሲመለስ ነባሩ ቢጫው፣ እንግዳው እሱ ይሆናል። እኔ ከሁሉም ዘዴዎች የማምነው ይህንን ነው። ሐምራዊው ትልቅ ከሆነና ሳጥኑ ከጠበበበት ግን ሳምፑን ይጠቀሙ፤ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ሳምንት የዋለ ትልቅ ታንግ ሲወጣ ብሶበት ሊወጣ ይችላል።

የመስታወቱን ነገር የሰሙ ይሆናል። ፊት ማያ መስታወት ከአኳሪየሙ ውጪ በአንዱ ጫፍ ሲደገፍ ሐምራዊው የራሱን መልክ ሲያስፈራራ ይቆያል፣ በዚህ መሐል አዲሱ ይበላል። ይሠራል፤ ሐምራዊው በሚመለስበት ቀን ለጥቂት ሰዓት ይጠቀሙበት። ቀን ከሌት አይተዉት፤ የማያሸንፈውን ጠላት ሲዋጋ የሚውል ዓሣም ይጎዳል።

የሚያገናኙበት ቀን ቅዳሜ ማታ ቢሆን እመርጣለሁ። ሁለቱንም በደንብ ያብሉ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ሐምራዊውን ይመልሱት። እሁድ ቅዳሴ የሚሄዱ ከሆነ እስኪመለሱ የአኳሪየሙን መብራት አያብሩ። ከዚያ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ክንፋቸውን ወጥረው ጎን ለጎን ቢዋኙ አይደንግጡ፣ መመዘናቸው ነው። ሁለት ሦስት ሴኮንድ አባርሮ ከመለሰም ምንም አይደለም፣ ይህ ለቀናት ሊቀጥል ይችላል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሐምራዊው ጭራውን ወደ ቢጫው አዙሮ መምታት ከጀመረ፣ ከአኳሪየሙ ጫፍ እስከ ጫፍ እየተከተለ ካላቆመ፣ ቢጫው ውሃው ገጽ ላይ ወይም ጥግ ይዞ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ወይም ኖሪው እፊቱ ተሰቅሎ ካልቀረበው ያን ሰዓት ይለያዩ። «እስቲ እስከ ማታ ልየው» አይበሉ።

አሁን የማምንበትን በግልጽ ልንገርዎ። ይህን ሁሉ አድርገው ሰላም ቢወርድ እንኳ 120 ሴንቲሜትር ርዝመት ላለው ገንዳ ሁለት ዘብራሶማ አይበዛም አልልዎትም፤ ይበዛል። ዛሬ ቢጫው ትንሽ ነው። ሲያድግ ሁለቱም የእጅ መዳፍ ያህል ሆነው ያንኑ 120 ሴንቲሜትር ይካፈላሉ፣ ያን ጊዜ ጠቡ ተመልሶ ይመጣል፣ የዚያ ጊዜው ስለት ደግሞ ትልቅ ነው። ሁለቱን ለማኖር እኔ ቢያንስ 180 ሴንቲሜትር ርዝመት እጠይቃለሁ። ታንግ ወደ ጎን የሚሮጥ ዓሣ ስለሆነ ከሊትሩ ይልቅ ርዝመቱ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ «የትኛውን ላውጣ» ላሉት መልሴ ቢጫውን ነው። ሐምራዊው ሁለት ዓመት ጤነኛ ሆኖ የኖረ ነው፤ ቦታውን ለምዷል፣ ምግብዎን ለምዷል። ትንሹን ማጓጓዝም ይቀልላል። ከላይ የጻፍኩት ዘዴ ቢጫው ቦታ እስኪገኝለት በሕይወት የሚያቆየው ነው፤ ትልቅ ገንዳ ለመሥራት ካሰቡ ደግሞ እስከዚያ ያሻግርዎታል።

ወደ አዲስ አበባ የሚመልሱት ከሆነ በመንገድ ሲሄድ ስለ ሙቀቱ ያስቡ። መኪናው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ብርዱ በአጭር ጊዜ ወደ ቃጠሎ ይለወጣል። ከረጢቱ ከሩብ በላይ ውሃ፣ ቀሪው አየር ወይም ከተቻለ ኦክስጅን ሆኖ በጥብቅ ይታሰር፤ የታንግ ስለት ከረጢት ስለሚበሳ ድርብ ይሁን። በረዶ መያዣ የስታይሮፎም ሳጥን ውስጥ ያስገቡት። ከመነሳቱ ከአንድ ቀን በፊት ምግብ ያቁሙ፣ ውሃው እንዳይቆሽሽበት።

በቢጫው ምትክ ሌላ አልጌ በል ከፈለጉ ኮሌ ታንግ የሚባለውን ያስቡበት። ጥርሱ እንደ ብሩሽ የሚታጠፍ ነው፣ ድንጋይና አሸዋ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን ያበጥራል እንጂ እንደ ሐምራዊው አልጌ አይቀነጥስም። ቅርጹም ግጦሹም ስለሚለይ ጠቡ ይለዝባል። እሱንም ቢሆን በሳጥኑ በኩል ነው የሚያስገቡት። ሶሃል ታንግ የሚባለውን ግን ከጅቡቲ በኩል ማንም ቢያቀርብልዎት እሺ አይበሉ። የቀይ ባሕር ዓሣ ነው፣ ሰማያዊ መስመሮቹ ልብ ይሰርቃሉ። ይሁንና 40 ሴንቲሜትር ያድጋል፣ በሪፉም ላይ የራሱን የአልጌ መሬት በኃይል የሚያስከብር ነው። በእርስዎ ገንዳ ውስጥ ሐምራዊውን ራሱን ይፈጀዋል።

ከጠቡ በኋላ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ይህንን ችላ እንዳይሉብኝ እለምንዎታለሁ። ቢጫው ለብቻው ሳይቆይ በቀጥታ ገብቷል። ታንጎች ነጭ ነጥብ ለሚባለው የጨው ውሃ ጥገኛ በጣም የተጋለጡ ናቸው፣ የተጨነቀ ዓሣ ደግሞ ቶሎ ይሸነፍለታል። ገላው ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጥብ፣ ድንጋይ ላይ መታሸት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ካዩ እሱ ነው። ነጥቡ ከጥቂት ቀን በኋላ ይጠፋል፣ ብዙ ሰው «ዳነ» ብሎ ይደሰታል። አልዳነም። ጥገኛው ከዓሣው ወርዶ ታች ተጣብቆ ተባዝቶ ይመለሳል፣ በብዛት። ያን ጊዜ ክላውንፊሾቹን ጨምሮ ሁሉም ዓሣ ወደ ሌላ ድንጋይና አሸዋ የሌለው ገንዳ ይወጣል፣ እዚያ በመዳብ መድኃኒት ይታከማል፣ መጠኑም በየቀኑ በመለኪያ ይጣራል። ዋናው አኳሪየም ያለ ዓሣ 76 ቀን ይቆያል። መዳብ ዋናው ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ ኮራሉን፣ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን ይጨርሳል፣ በድንጋዩም ውስጥ ይቀራል። ለሕክምናው ገንዳ ውሃ ሲያዘጋጁ ለአኳሪየም የተሠራውን የባሕር ጨው ይጠቀሙ። የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው፤ ዓሣው የሚፈልገውን ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ሌላውን ማዕድን በመጠኑ አይሰጥም።

መብራት ሲጠፋም ያስቡላቸው። ሁለት ታንጎች ባሉበት ገንዳ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የግድ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ያለው ዓሣ በመጀመሪያ የሚታፈነው እሱ ነውና። በታኅሣሥና በጥር የባሕር ዳር ሌሊት ይቀዘቅዛል። ማሞቂያው ከቆመ ገንዳውን በብርድ ልብስ ይሸፍኑት፣ ከላይ ግን ለአየር ክፍት ይተዉ። ውሃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ መካከል ቢቆይ ጥሩ ነው።

የቀረው እጅዎ ነው። አዎ፣ ይቆርጣሉ። ስለቱ በጭራው ሥር በግራና በቀኝ አንድ አንድ ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ወደ ሰውነቱ ታጥፎ ይተኛል፣ ሲፈራ ይወጣል። በመረብ አይያዙት፣ ስለቱ መረቡ ላይ ይሰካና ሲያላቅቁ እርስዎም እሱም ትጎዳላችሁ። መብራቱን አጥፍተው አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ፣ ከዚያ በባትሪ መብራት የተኛበትን ይፈልጉ። በአንድ እጅ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ከፊቱ ያቅርቡ፣ በሌላው እጅ በማንኪያ ወይም በዘንግ ከኋላው በቀስታ ይግፉት፣ ከነውሃው ያውጡት። ወፍራም የጎማ ጓንት ያድርጉ። ከቆረጠዎት በንጹሕ ውሃና በሳሙና በደንብ ይታጠቡ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ እጅዎን ወደ ገንዳው አይመልሱ። ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ሙቀት ካለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ የቆረጠዎት የባሕር ዓሣ መሆኑንም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚታከሙበት መድኃኒት ከተለመደው ሊለይ ይችላል።